ድምፅ አልባው ካርዲናል

በነሐሴ ሐሩር፣ ከሮማ ወጣ ብሎ፣
ቫቲካን ቆሟል በኮምፔርሳቶ ተስሎ፤
እብነ በረዱ ቀለም፣ ወርቁ ወረቀት፣
ሰማዩም የቆመው በሚስማር ጥብቀት።

እኔ ዕቃ ያዥ ነኝ፤ ቀለበት ቆጣሪ፣
የመርዙን ብልቃጥ አጥቤ ደርዳሪ።
መርዙ የወይን ጭማቂ፣ ጩቤው የፕላስቲክ፣
ላባችን ብቻ ነው የእውነት፤ ሌላው ታሪክ።

በድራማው ውስጥ አባት ጵጵስና ሊሸምት፣
ይልካል በሌሊት፣ ለአንዱ ርስት፣ ለአንዱ ሹመት።
ታንክሬዲና አስካኒዮ፣ የአንድ ማሕፀን ልጆች፣
በአባት መንበር ሥር የሚሳሳሉ ጩቤዎች፤
እህት ቀለበት ሥር መርዝ ትሸሽጋለች፣
በየአምስት ክፍሉ እንደገና ታገባለች።
ወንድም ወንድሙን ገድሎ ከቲቤር ወረወረ፤
ቲቤራችን ገንዳ፣ ጉልበት የሚደርስ ነበረ።

ዛሬ ግን ምርጫ ነው። ሃያ አራት ሽማግሎች፣
ትናንት ጡረተኞች፣ ዛሬ ካርዲናሎች።
ከግራ ዘጠነኛው ኦቶሪኖ ይባላል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ሲነዳ ኖሯል፤
ሲቀመጥ አሁንም ግራ እጁ ይዘረጋል፣
የሌለ መዘውር፣ የሌለ ፍሬን ይፈልጋል።

ውሉ ላይ ተጽፏል፦ «ይህ ሰው ድምፅ የለውም»፤
አንዲት ቃል ቢወጣው ክፍያው አንድ አይደለም።
ያው ድምፅ አልባ ሰው ወረቀት ተሰጠው፤
«ድምፅህን ስጥ» ብሎ አዘጋጁ አዘዘው።

«ምን ልጻፍ?»
«የፈለግከውን። ካሜራው አያየውም።
ብዕሩ ይንቀሳቀስ፤ ቃሉን ማንም አያነበውም።»

ላባ ብዕር ያዙ፤ አጎነበሱ ሁሉም፤
ከላባው ጭረት በቀር ኮሽታ አልነበረም።
አውሮፕላን አለፈ፤ ተደገመ ትዕይንቱ፤
ሦስት ጊዜ መረጡ፣ አንዱን ሰው፣ በጠዋቱ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጽዋውን ገለበጥኩት፤
ምድጃ ሳይገባ የሁሉንም አነበብኩት።

«ሽንኩርት፣ ወተት፣ ለውሻው የትል ክኒን።»
«እሁድ ሁለት ለባዶ እናሸንፋለን።»
አንዱ የሴት ስም፣ ሦስቴ፣ ሁለቴ ተሰርዞ፤
አንዱ የራሱን ስም፣ በካባው ተመርዞ።
ከሃያ አራቱ አንድም ድምፅ አልደረሰው፣
በድርሰቱ ላይ በሙሉ ድምፅ የነገሠው።

የኦቶሪኖ ግን፦
«ሰቨሪኖ። የኦርቴው ወይን ያንተ ነው።
የአባባን ፊርማ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው።»
ሁለተኛው ዙር ላይ ጽሕፈቱ አጠረ፦
«ወይኑ ያንተ ነው።» የፊርማው ጉዳይ ቀረ።
ሦስተኛው ላይ ስም ብቻ። «ሰቨሪኖ።»
ቀለሙ ከመጨረሻው ፊደል ላይ መንምኖ።

እንደነበሩ አጥፌ ወደ ጽዋው መለስኩ፤
የኦቶሪኖን ከላይ። ለምን? ራሴን አልጠየቅኩ።

ከሰዓት ቆጠራ ነው፤ ካሜራው ቀረበ፤
ቆጣሪው ተዋናይ ወረቀት አነበበ፤
ማንም ይጻፍ ማን፣ ቃሉ አንድ ነው የሱ፦
«ቫልደራኒ!» ማለት፣ እስኪደርቅ ምላሱ።

የላዩን ወረቀት ገለጠ፤ ዝም አለ፤
ዓይኑ መስመር ወርዶ ተመልሶ ዋለለ።
አዘጋጁ ወደደው፦ «እንዲህ ነው ትወና!
ዝምታው ወርቅ ነው፤ አታቋርጡት ገና።»
ቀና አለና አየ፣ ከፊት እስከ ኋላ፤
የዘጠነኛው ፊት ከካባው በላይ ቀላ።

«ቫልደራኒ» አለ። ቀስ ብሎ። ለስለስ አርጎ።
አንድ ድምፅ ተሰረቀ፣ አንድ ሚስጥር ሸሽጎ።

ማታ ምድጃው ላይ ሁሉንም ማገድኩት፤
ሽንኩርቱን፣ ሴቲቱን፣ ክኒኑን አነደድኩት።
ነጩን ጭስ ማሽኑ ወደ ሰማይ ተፋው፤
የወረቀቱን ቀጭን፣ ጥቁር፣ ማንም አላየው።

ኦቶሪኖ መጣ ቀለበቱን ሊመልስ፤
ጣቱን በሳሙና አሸን፣ እስኪለቀው ድረስ።
«ወረቀቶቹስ?» አለኝ። «ነደዱ» አልኩት፤ ዋሸሁ፤
ሦስተኛውን በኪሴ፣ ከክር ጋር፣ ይዣለሁ።

«ይሻላል» አለና እንደከፋው ሰው ቆየ፣
የበሩን እጀታ ይዞ፣ ውጭ ውጭውን እያየ።
«ኦርቴ የሚሄደው ስንት ሰዓት ነው?» አለ።
ነገርኩት።
ባቡሩ ሄደ። እሱ እዚያው አለ።